ለከተራ የሚከተሩ ውኃዎች፦ የዋግና የላስታ ደጋ ጅረቶች መልክዐ ምድር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታት ከመንበራቸው ተነሥተው በካህናት ዝማሬና በምእመናን እልልታ ታጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ዕለቱ «ከተራ» ይባላል። ቃሉ የወጣው «ከተረ» ከሚለው ግስ ሲሆን ትርጕሙ የሚወርድ ውኃን ገድቦ ማቆም፣ ዙሪያውን መክበብ ማለት ነው። በስሙ ውስጥ የሀገራችን መልክዐ ምድር አለ። ሐይቅ ወይም ሙሉ ወንዝ ባለበት ስፍራ ውኃ መከተር አያስፈልግም። የሚከተረው በጥር ወር ቀጥኖ የሚወርድ የተራራ ጅረት ነው። አባቶቻችን በድንጋይና በጭቃ፣ በቅጠልና በሣር ገድበው ለማግሥቱ ጸሎትና ጥምቀት እንዲበቃ የሚያጠራቅሙት ይህንኑ ውኃ ነው።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉትን ጅረቶች በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ፣ እንዲሁም ከዋግ በስተ ደቡብ በሚዋሰነው በላስታ ይመለከታል። ከእነርሱም በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን፣ በደብረ ሮሃ ቅዱስ ላሊበላ የሚገኘውን ዮርዳኖስን በስፋት ያያል። ጅረቱ ከየት ይነሣል? ለምን በክረምት ይሞላል? ለምን በበጋ ይደርቃል? ወደየትስ ይሄዳል? ይህን ማወቅ ለጂኦግራፊ ተማሪ ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም፤ ታቦት የሚያድርበት ውኃ ነገም እንዲገኝ ለሚሻ ምእመን ሁሉ ይጠቅማል።

የአካባቢው አቀማመጥ

ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ተራራማ ምድር ነው። በደቡብ ከሰሜን ወሎ፣ በሰሜንና በምሥራቅ ከትግራይ ጋር ይዋሰናል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ተከዜ ከሰሜን ተራሮች ይለየዋል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ጥንታዊት ከተማ ናት። የዋግ ሹሞች መናገሻ የነበረች ሲሆን፣ ከእነዚሁ ሹሞች ወገን የሆኑት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ በዙፋን ተቀምጠዋል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ የቀደሙት የዋግ ሹሞች ዐፅምም በዚያ ተጠብቆ ይኖራል።

በዚህ ምድር ደጋና ቆላ በአንድ ቀን መንገድ ይገናኛሉ። ማለዳ ከብርዳማው ደጋ የተነሣ መንገደኛ ወደ ተከዜ በወረደ መጠን አየሩ ይሞቃል፤ ገብስና ስንዴ በማሽላ፣ ጥድና ወይራ በግራር ይተካሉ። በደቡብ ደግሞ የላስታ ተራሮች ይነሣሉ። ከእነርሱም ዋናው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሲሆን ከፍታው ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ምድር የሚዘንበው ዝናብ ጥቂት በጥቂት ተሰብስቦ ወደ አንድ ታላቅ ወንዝ፣ ወደ ተከዜ ይገባል።

ጅረቱ እንዴት ይገኛል

የዋግና የላስታ ደጋ በአብዛኛው የተሠራው በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ገንፍሎ በፈሰሰና ድንጋይ በሆነ ቅላጭ አለት ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት የዚህን አለት ዕድሜ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ያደርሱታል። አለቱ በአንድ ጊዜ የተዘረጋ ሳይሆን አንዱ ንብር በሌላው ላይ እየተደረበ የተቀመጠ ነው። በንብሮቹ መካከል አልፎ አልፎ ቀይ ሸክላ አፈር የሚመስል ቀጭን ሽፋን ይገኛል። የገደሉን ግድግዳ ከሩቅ የተመለከተ ሰው እንደ ደረጃ የተደረደሩትን መስመሮች በግልጽ ያያል።

የምንጭ ምሥጢር በዚሁ ደረጃ ላይ ነው። የክረምት ዝናብ በተራራው ራስ ላይ ሲወርድ ከፊሉ በአፈሩና በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ይሰርጋል። ወደ ታች ሲወርድ ውኃ የማያሳልፍ የሸክላ ሽፋን ወይም ያልተሰነጠቀ አለት ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ መውረድ ስለማይችል ወደ ጎን ይጓዛል፤ ተራራው በገደል በተቆረጠበት ቦታም ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በደጋው ብዙ ምንጮች ከገደል ሥር ወይም ከተራራ ወገብ የሚፈልቁት ስለዚህ ነው። ምንጮቹ ተገናኝተው ጅረት፣ ጅረቶቹ ተጨምረው ወንዝ ይሆናሉ።

ወደ አፈሩ ያልሰረገው የዝናብ ክፍል ግን ጊዜ አይሰጥም። ቁልቁለቱ ኃይለኛ፣ አፈሩም ስስ ከሆነ ውኃው በፊት ለፊት ይንደረደራል። ከላይ ዝናብ በጣለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ከታች ፀሐይ እየወጣ ሳለ እንኳ፣ ደረቁ ፈፋ በደራሽ ውኃ ይሞላል። የአካባቢው እረኛና ነጋዴ ሰማዩ በተራራው ላይ ሲጠቁር ካየ ፈፋ ለመሻገር የማይደፍረው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ አንድ ጅረት ሁለት ዓይነት ውኃ ይቀበላል። አንዱ በክረምት በጎርፍ መጥቶ በጎርፍ የሚሄደው ነው። ሌላው ተራራው ተቀብሎ በሆዱ ያኖረውና በበጋ ቀስ እያለ የሚለቀው ነው። በጥር የሚከተረው ሁለተኛው ነው።

ጅረቱና የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍላ ለእያንዳንዱ ምንባብና መዝሙር ሠርታለች። ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆያል። የመጀመሪያው ክፍል ዘርእና ደመና የሚታሰብበት ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው ደግሞ መብረቅ፣ ነጐድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግና ጠል ይባላል። «አፍላግ» ወንዞች ማለት ነው። የዋግና የላስታ ዝናብ እጅግ የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ በመሆኑ፣ ሊቃውንት ለዘመኑ የሰጡት ስምና ጅረቶቹ የሚሞሉበት ጊዜ ፍጹም ይገናኛሉ። የቅዱስ ላሊበላ የዕረፍት በዓል ሰኔ 12 ሲከበር ሰማዩ ገና መክበድ ይጀምራል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈፋው ሁሉ ድምፅ ያሰማል።

ከመስከረም 25 በኋላ ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ ዝናቡ ይቆማል፤ ጅረቱም ይጠራል። ከክረምቱ ፍጻሜ እስከ ከተራ ድረስ 105 ቀናት ናቸው። በእነዚህ ቀናት ጅረቱ የሚፈሰው ተራራው ካኖረው ብቻ ነው። ስለዚህ ጥር 10 ቀን ወደ ወንዝ የወረደ ምእመን የሚያየው የውኃ መጠን ያለፈው ክረምት ምን ያህል እንደዘነበ ብቻ አይነግረውም፤ ተራራው ምን ያህሉን ለመያዝ እንደቻለም ይነግረዋል። መሣሪያ ያልተተከለበት ጅረት በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሕዝብ ፊት ይለካል ማለት ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች «ድሮ እስከ ጉልበት ይደርስ ነበር፤ ዛሬ ቁርጭምጭሚትም አይደርስ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ዮርዳኖስ ዘደብረ ሮሃ

በአካባቢው ካሉት ትንንሽ ጅረቶች ስሙ ከሀገር አልፎ የተሰማው በቅዱስ ላሊበላ ከተማ የሚወርደው ዮርዳኖስ ነው። ከተማዋ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ የአሸተን ማርያም ገዳም ያለበት ተራራ ይታያል። ከእነዚህ ተዳፋቶች የሚወርደው የዝናብ ውኃ በከተማዋ መካከል አልፎ ወደ ተከዜ ተፋሰስ ይወርዳል።

ዮርዳኖስ ትንሽ ነው። በበጋ የሄደ ተሳላሚ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በቀይ አለት ውስጥ የተጠረበ ጥልቅና ደረቅ ቦይ ነው። በክረምት ግን ውኃው ቦዩን ይዞ ይወርዳል። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከዚህ ጅረት አንጻር የተደራጁ ናቸው። በአንድ ወገን ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ ቤተ ደብረ ሲናና ቤተ ጎልጎታ ይገኛሉ። በማዶው ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል አሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው። በጅረቱ ቦይ ውስጥም ከአለቱ ሳይለይ የተጠረበ መስቀል ቆሟል፤ ጌታችን በዮርዳኖስ የተጠመቀበትን ስፍራ እንዲያሳስብ የተሠራ መሆኑን አባቶች ያስተምራሉ።

ስሙም ከዚሁ የተገኘ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ ምእመናን እስከ ኢየሩሳሌም ለመሄድ የሚያደርሳቸውን ድካም እንዲያርፉ ሮሃን በቅድስት ሀገር አምሳል አነጻት። ጎልጎታ፣ ቤተ ልሔም፣ ደብረ ዘይት፣ ዮርዳኖስ የሚሉት ስሞች በአንድ ከተማ የተገናኙት ስለዚህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት፣ በአንድ አካባቢ ያሉ ታቦታት በየአጥቢያቸው መውረዳቸው ቀርቶ በአንድነት ወደ አንድ ጥምቀተ ባሕር እንዲወርዱ ሥርዐት የሠራውም ይኸው ቅዱስ ንጉሥ ነው።

ሁለቱን ዮርዳኖሶች በመልክዐ ምድር ብናስተያያቸው እጅግ ይለያያሉ። የቅድስት ሀገሩ ዮርዳኖስ ከአርሞንኤም ተራራ ግርጌ ተነሥቶ በጥብርያዶስ ባሕር አልፎ ከባሕር ጠለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ሙት ባሕር ይገባል። መውጫም የለውም። የላስታው ዮርዳኖስ በደጋ ላይ ይወለዳል፤ ውኃውም በተከዜ አድርጎ ዓባይን፣ በዓባይ አድርጎ ሜዲትራኒያን ባሕርን ለመድረስ መንገድ አለው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወንዞች በስፋታቸው የከበሩ አይደሉም። ሶርያዊው ንዕማን የሀገሩን ታላላቅ ወንዞች አስቦ ዮርዳኖስን ንቆ እንደነበር፣ የነቢዩን ቃል ሰምቶ ሲታጠብ ግን ከለምጹ እንደነጻ በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 5 ተጽፏል። እግዚአብሔር ለሥራው ትንሹን ውኃ ይመርጣል።

ውኃ ለአብያተ ክርስቲያናቱ በረከትም ፈተናም ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ከመሬት ወለል በታች የተፈለፈሉ ስለሆኑ ክረምቱ እንዳያጥለቀልቃቸው ጠራቢዎቹ ቅጥሩን አዘንብለው፣ ውኃ መውረጃ ቦይ ቆፍረው ሠርተዋቸዋል። በቤተ ማርያም ቅጥር የሚገኘው ጥልቅ የጠበል ገንዳ ልጅ ባጡ እናቶች ዘንድ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል የዘመናት ዝናብ ወደ አለቱ ሰርጎ ጣሪያና ግድግዳ አሰንጥቋል፤ በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2008 ከአብያተ ክርስቲያናቱ በከፊሎቹ ላይ ትላልቅ መጠለያዎች ተተክለዋል።

ከጅረት ወደ ተከዜ

ተከዜ የሚመነጨው ከላስታ ደጋ ነው። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ታጥፎ በዋግና በሰሜን ተራሮች መካከል በጥልቅ ሸለቆ ይጓዛል፤ ከዚያም እንደገና ወደ ምዕራብ ይዞራል። በታችኛው ክፍሉ ሰቲት ይባላል። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደ በኋላ በሱዳን ምድር ከአትባራ ጋር ተገናኝቶ ዓባይን ይቀላቀላል። የዋግ ምሥራቃዊና ማዕከላዊ ውኃዎች ብዙዎቹ በጸላሪ ወንዝ ተሰብስበው ወደ ተከዜ ይገባሉ። ተከዜ በታሪክም ጥንታዊ ስም ነው፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ሠራዊቱ ተከዜን መሻገሩን አውስቷል።

በተከዜ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በሸለቆው ውስጥ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። የውኃው ዳርቻ ዋግ ኽምራ ስለሚደርስ የአካባቢው ወጣቶች ዓሣ በማስገር ይተዳደራሉ። ነገር ግን በክረምት ከየተራራው የሚታጠበው አፈር በጅረቶች አድርጎ የሚከማቸው በዚሁ ሐይቅ ነው። በደጋው የአንድ ገበሬ ማሳ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በቆላው ግድብ ላይ ይታያል።

የጫካው ቅጥር

ከላሊበላ በስተ ሰሜን፣ በዚያው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ የቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዓለ ዕረፍቱ ጥቅምት 19 የሚከበረው ይህ ቅዱስ ንጉሥ ቤተ ክርስቲያኑን ያነጸው በታላቅ ዋሻ ውስጥ፣ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቀ ነው። ከወለሉ በታች ውኃ መኖሩን አባቶች ይናገራሉ፤ ሕንፃውም በውኃ ላይ እንደተመሠረተ ይተረካል። ወደዚያ የሄደ ምእመን ከሩቅ የሚለየው በዙሪያው ያለውን ጥቅጥቅ ያለ የጽድ ደን ነው። በተራቆተው አካባቢ መካከል ደኑ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ስለጠበቀችው ነው።

ደን ውኃን እንዴት ይጠብቃል? የዛፉ ቅጠል የዝናቡን ኃይል ይሰብራል፤ ጠብታው መሬቱን በኃይል አይመታውም። የረገፈው ቅጠል እንደ ስፖንጅ ውኃውን ይይዛል። ሥሩ ደግሞ አፈሩን አፍታትቶ መስረጊያ መንገድ ይከፍትለታል። ስለዚህ በደን ውስጥ የወረደው ዝናብ በጎርፍ ከመሄድ ይልቅ ወደ ተራራው ሆድ ይገባል፤ በጥርም ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የእኛ ሊቃውንት ደን የሌለው ደብር ልብስ እንደሌለው ሰው ነው የሚሉት ለውበት ብቻ አይደለም።

ይህን በሳይንስ መንገድ ያጠኑም አሉ። «እመጓ» በተሰኘው መጽሐፋቸው በብዙ ምእመናን የሚታወቁት የደን ሳይንስ ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ሰፊ ምርምር አድርገዋል። ጥናቶቹ እንደሚያሳዩት በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የቀሩት ነባር ዛፎች በአብዛኛው የተጠለሉት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። ትልቁ ሥጋት በቅጥሩ ውስጥ የሚሰማራ ከብት ነው፤ ችግኙን ስለሚበላው አሮጌ ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ወጣት ዛፍ አይኖርም። በድንጋይ አጥር የተከለሉ ደኖች ግን ራሳቸውን ማደስ ችለዋል።

ጅረቶቹ ያሉበት አደጋ

ዋግ ድርቅን አሳምሮ የሚያውቅ ምድር ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ረኃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህች ከተማ ስም መጠራቱ፣ የመጀመሪያ ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች መጀመሩ ያለ ምክንያት አይደለም። የሕፃን ጤና ከንጹሕ ውኃ ጋር፣ ንጹሕ ውኃም ከምንጩ ጋር የተያያዘ ነው።

ምንጭ የሚነጥፈው ዝናብ በመቅረቱ ብቻ አይደለም። ተዳፋቱ እስከ ጫፉ ታርሶ አፈሩ ሲታጠብ፣ ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ሲቆረጥ፣ የምንጭ ዐይን አጠገብ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣው ባሕር ዛፍ ሲተከል ያው ዝናብ ቢዘንብም እንኳ ተራራው አይቀበለውም። በነሐሴ ጎርፍ ይበዛል፤ በጥር ግን ጅረት ይጠፋል። እንዲህ ያለበት አጥቢያ ለጥምቀት በዓል ውኃ በጄሪካን አስቀድቶ ወይም በቦቴ አስመጥቶ ገንዳ ለመሙላት ይገደዳል። በገንዳ መጠመቅ ነውር የለበትም፤ የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛም ከቀሐ ወንዝ በቦይ ተስቦ በሚገባ ውኃ ነው የሚሞላው። ነገር ግን ገንዳውም የሚሞላው ወንዙ ሲኖር ነው።

ከምእመናን የሚጠበቅ

ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ከተቻለ በሚፈስ ውኃ ማጥመቅን ታስቀድም ነበር። ይህንን ውኃ ለልጆቻችን ለማቆየት እያንዳንዱ አጥቢያ ሊያደርገው የሚችለው ሥራ አለ።

አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደን በድንጋይ አጥር መከለልና ከብት እንዳይገባ መጠበቅ ነው። ድንጋይ በዋግና በላስታ አይጠፋም፤ የሚፈለገው የሰበካ ጉባኤው ውሳኔና የምእመናን ጉልበት ነው።

ሁለተኛ፣ ከጥምቀተ ባሕሩ በላይ ያለውን ተዳፋት ማወቅና መንከባከብ ነው። ጅረቱ የሚጎዳው ታቦቱ በሚያድርበት ቦታ ሳይሆን ከበላዩ ነው። እርከን መሥራት፣ በፈፋው ውስጥ ትንንሽ ክትሮችን በድንጋይ መደርደር፣ የተጎዳውን ቦታ ከእርሻና ከግጦሽ ማሳረፍ ውኃውን ያዘገያል።

ሦስተኛ፣ በምንጭ ዐይን ዙሪያ ከባሕር ዛፍ ይልቅ እንደ ጽድ፣ ወይራና ዋንዛ ያሉ ነባር ዛፎችን፣ ለከፍታው የሚስማማውን መርጦ መትከል ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በክረምት የሚተክሉትን ችግኝ በበጋም ውኃ እያጠጡ ቢያሳድጉት ጽድቁ ፍጹም ይሆናል።

አራተኛ፣ የጠበሉንና የጥምቀተ ባሕሩን ንጽሕና መጠበቅ ነው። ከበዓሉ በኋላ የሚቀረው ፕላስቲክና ጨርቅ በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ጅረቱ፣ ከዚያም ወደ ተከዜ ይሄዳል። ታቦት ያደረበትን ስፍራ አጽድቶ መመለስ ራሱ የአምልኮ ክፍል ነው።

ከተራን አባቶቻችን በአንድ ቀን ገደብ የሚፈጸም ሥራ ብቻ አላደረጉትም። ደኑን በግዝት ጠብቀው፣ ምንጩን ጠበል ብለው አክብረው፣ ተራራውን ገዳም አድርገው ዓመቱን ሙሉ ውኃውን ከላይ ይከትሩት ነበር። እኛም በመጪው ጥር 10 ታቦታችንን አጅበን ወደ ወንዝ ስንወርድ ውኃውን ልብ ብለን እንየው፤ ከየት እንደመጣም እንጠይቅ። ቀንሶ ካገኘነው መልሱ ያለው ከተራራው ላይ ነውና፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ወደዚያ እንውጣ።

ቸሩ አምላካችን ዝናሙን በጊዜው፣ ምድሪቱንም በበረከት ይጠብቅልን። የቅዱስ ላሊበላና የቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ጸሎትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።